የአንድ መታጠቢያ ቤት ዋጋ፤ ከዊንጌት እስከ አባ ሳሙኤል

ከሆለታና ከቡራዩ ተነሥቶ በአስኮ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ገበሬ ዊንጌትን ሳያይ አያልፍም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ተከፍቶ በእንግሊዛዊው ሜጀር ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ስም ከተሰየመው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ግቢው ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። በዚሁ አካባቢ በጉለሌ ተዳፋት ላይ ተጠጋግተው ከተሠሩት ቤቶች በአያሌዎቹ መጸዳጃው ደጅ ነው፤ የቆርቆሮ በርና የእንጨት ርብራብ ያለው ጉድጓድ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ጋር የጋራ። ቤተሰቡ ጥቂት ጥሪት ሲቋጥር፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ ገንዘብ ሲልክ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሐሳብ መጸዳጃውንና መታጠቢያውን ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ጉዳዩ የከተሜ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን በሁለት በኩል ይነካል። አንደኛው፣ ከዊንጌት መታጠቢያ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ በመጨረሻ የሚደርሰው የገበሬው ማሳና የከብቱ መጠጥ ውሃ ዘንድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በየወረዳው ከተማ ቤት የሚሠራው ሁሉ፣ በገጠርም ቆርቆሮ ቤት ያቆመ ገበሬ፣ የሚመኘው ይህንኑ የአዲስ አበባውን ዓይነት መሆኑ ነው። በመሆኑም የመታጠቢያ ቤቱን ዋጋ አንድ በአንድ መርምሮ፣ የትኛው ወጪ ጤናን እንደሚጠብቅና የትኛው ለዓይን ብቻ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለገጠሩም ይጠቅማል።

የሚታየው ወጪ

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ክፍል ይወሰድ። ወለሉ 4 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ በሴራሚክ ቢለበስ፣ የበሩ ቦታ ተቀንሶ፣ 14 ካሬ ተኩል ያህል ይሆናል። ሲቆረጥ የሚሰበረው አንድ አሥረኛ ሲታከልበት ከ20 ካሬ በላይ ሴራሚክ መግዛት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ መቀመጫው ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ቧንቧውና መገጣጠሚያው፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ሮቶ፣ ሲሚንቶውና አሸዋው ይመጣል። ከዚያ የግንበኛው፣ የቧንቧ ሠራተኛውና የቀን ሠራተኛው የእጅ ዋጋ ይከተላል።

ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። ሐዋሳ የሚገኘው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ መቀመጫና ሰሃን ለዓመታት ሲያመርት ቢቆይም፣ የመርካቶ ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ የሚሞላው በመርከብ በመጣ ዕቃ ነው። በመርከብ የመጣ ዕቃ ዋጋ ደግሞ ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ወደብ ላይ 100 ዶላር የሚያወጣ አንድ ዕቃ፣ የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ ሳይጨመርበት፣ ምንዛሪው 2 ብር ከ07 ሳንቲም በነበረበት ዘመን 207 ብር ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ምንዛሪው 5 ብር ሲሆን ያው ዕቃ 500 ብር ገባ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀነስ ወደ 2,700 ብር፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሊጋመስ ሲል 5,700 ብር ያህል ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ120 ብር በላይ ሲወጣ ያው ዕቃ ከ12,000 ብር የማያንስ ሆነ። ዕቃው አንድ ነው፤ አንድም ጠብታ ውሃ ወይም አንድ ሚዛን ሸክላ አልተጨመረበትም።

የገበሬ ማኅበር መሪ ይህን በራሱ አካባቢ መለኪያ ሊያየው ይችላል። አንድ መቀመጫ ስንት ኩንታል ጤፍ ወይም ስንት በግ እንደሚያወጣ በገበያ ቀን ጠይቆ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት በቂ ነው።

ከመሬት በታች ያለው

የቤቱ ባለቤት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሴራሚኩ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። እንግዳ የሚያየው ሴራሚኩን ስለሆነ ሰው ገንዘቡን እዚያ ላይ ማዋሉ አያስገርምም፤ ጉዳቱ ግን ሰፈሩን አልፎ ይሄዳል።

ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት ፍሳሹን በአግባቡ ለመያዝ በትንሹ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ኩብ የሚይዝ ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልገዋል። ታንኩ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ተገንብቶ ውስጡ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ በመካከሉም ለሁለት ይከፈላል። ከባዱ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በመካከል ያለው ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ከዚያም ወደ መስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። የወጣው ውሃ ቢጠራም ንጹሕ አይደለም፤ በሽታ አምጪው ተሐዋሲ አብሮት ስለሚወጣ አፈር ውስጥ ሰርጎ መጣራት አለበት። ዝቃጩም በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ በመምጠጫ መኪና መነሣት ይኖርበታል።

ዊንጌት ላይ ይህ ሁሉ ችግር ያጋጥመዋል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ የለም። በተዳፋቱ ላይ ድንጋይ ሲያጋጥም የቁፋሮው የእጅ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። መንገዱ ለመምጠጫ መኪናው ጠባብ በሆነበት መንደር ቱቦው አይደርስም። ስለዚህ አንዳንዱ የቤቱን ፍሳሽ በድብቅ ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ጋር ያገናኛል። ሌላው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ዶፍ በሚወርድበት ሌሊት የጉድጓዱን አፍ ይከፍተዋል። ጠዋት ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ ወጪም የለበትም። ወጪው ወደ ወንዙ ወርዷል።

የከተማው ፍሳሽ መስመር ለዚህ መልስ እንዲሆን የታሰበ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ታድሶና ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ማጣሪያው የሚያጣራው ቧንቧ የሚያደርስለትን ብቻ ነው፤ ዋናው መስመር በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ቤት እንኳ ከመስመሩ ጋር ለመገናኘት የራሱን ቱቦ ገዝቶ፣ ማንሆል ሠርቶና መንገድ ቆፍሮ መክፈል አለበት። ሴራሚኩን ገዝቶ የጨረሰ ቤተሰብ ይህን ለከርሞ ይለዋል።

የውሃው ሂሳብ

ባለ ማጠራቀሚያ መቀመጫ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ የቆየው ዓይነት 9 ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል። ስድስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቀም 270 ሊትር ማለት ነው። ይህ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ወደ 11 ነው፤ መታጠቢያው፣ ልብሱና ምግቡ ሳይቆጠር። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለመጸዳጃው ብቻ ቢውል አራት ቀን አይሞላም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የሻወሩ ቧንቧ ደርቆ፣ ቤተሰቡ በባልዲ እየቀዳ የሚያፈስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ውሃም ከሰማይ ከተማው ላይ የዘነበ አይደለም። የምዕራቡን የከተማ ክፍል ውሃ ሲሰጥ የኖረው በ1930ዎቹ የተጀመረው የገፈርሳ ግድብ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብ፣ ኋላም የድሬ ግድብ ተጨምረውበታል። ግድቦቹ ያረፉት በገበሬ አገር ነው። በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲሸረሸር ደለሉ ግድቡን ይሞላል፤ እርከን የሚሠራውና ችግኝ የሚተክለው የአካባቢው ገበሬ ነው። የዊንጌቱ መቀመጫ አንድ ጊዜ በተለቀቀ ቁጥር ከአንዱ ገበሬ አገር የመጣ ውሃ ወደ ሌላው ገበሬ አገር ይወርዳል።

ቁልቁል ያለው ገበሬ

ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ይነሣል። ከጉለሌና ከኮልፌ በኩል የሚወርዱትን ጅረቶች እየሰበሰበ ከተማውን አቋርጦ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። አባ ሳሙኤል በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ የተጀመረ ግድብ ነው። ጣቢያው ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በቻይና እርዳታ ታድሷል፤ ሐይቁን ግን የከተማው ቆሻሻ የሚመግበው የእንቦጭ አረም ሲሸፍነው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ውሃው አዋሽ ይገባል።

በዚህ ወንዝ ዳር አትክልት ማልማት የቆየ ሥራ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ አትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከታወቁት አንዱ ነበር። ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ጎመኑና ካሮቱ ከወንዙ በተሳበ ውሃ እየለማ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ኖሯል፣ ልጅ አስተምሯል። አምራቹ የሚጠቀምበት ሌላ ውሃ የለውም፤ በበጋ የማይደርቀው ወንዝ ይኸው የከተማውን ፍሳሽ የተሸከመው ነው። እንዲያውም ፍሳሹ ማዳበሪያ ሆኖ ምርቱን ያፋፋዋል፤ ችግሩን ስውር የሚያደርገውም ይህ ነው።

በአዲስ አበባ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት አግኝተዋል። ይህ በአብዛኛው የፋብሪካ፣ በተለይም የቆዳ ፋብሪካና የጋራዥ ጥፋት ስለሆነ የዊንጌት መታጠቢያ ቤት ብቻውን ሊከሰስበት አይገባም። የቤት ፍሳሽ የሚያመጣው ሌላ ነው፤ የተቅማጥና የታይፎይድ ተሐዋሲ፣ የወስፋት ዕንቁላል። የወስፋት ዕንቁላል አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በባዶ እግሩ ወይም በባዶ እጁ መስኖ የሚያጠጣው ሰው ከገዢው ቀድሞ ይታመማል፤ ገዢውም ሰላጣውን ሳያበስል ይበላዋል።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክሉትን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ደንቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሌሊት ዝናብ የተከፈተ ጉድጓድ ምስክር የለውም፤ ቀን በቀን ሞተሩን ይዞ ወንዝ ዳር የሚታየው አትክልት አምራቹ ነው። የወንዝ ዳር አምራቾች መሪዎች ውሃው ከየት ከየት በኩል እንደሚበከል ራሳቸው እየመዘገቡ ለወረዳው ካላቀረቡ፣ ጥያቄው «ማን አበከለ» መሆኑ ቀርቶ «ማን አጠጣ» ወደሚለው መዞሩ አይቀርም።

ለገጠሩ የሚሆነው የትኛው ነው

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በገጠር ካሉት ቤተሰቦች 39 በመቶ የሚሆኑት ምንም መጸዳጃ አልነበራቸውም፤ በከተማ 7 በመቶ ነበሩ። ደረጃውን የጠበቀና የራሱ የሆነ መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ በከተማ 16 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ቁጥሮች የከተማው ይበልጥ ሊያስተምር ይገባል። ከተሜው ገንዘብና ሱቅ አጠገቡ እያለ ከመቶ 16 ብቻ ከሆነ፣ የዊንጌቱን ዓይነት መታጠቢያ ቤት ለገጠሩ ምሳሌ ማድረግ አያዋጣም።

ሌላ መንገድ መኖሩን አማራ ክልል አሳይቷል። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከዓይን ማዝ በሽታ መከላከል ጋር ተያይዞ በተካሄደው እንቅስቃሴ፣ 10 ሺህ መጸዳጃ ለመሥራት ታቅዶ ወደ 90 ሺህ ተሠራ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በዚህ ስሙ ይነሣል። የተሠራው በአካባቢው እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር፤ የገንዘብ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዕቅዱን እንዲህ ያሳለፈው የሴቶቹ ፍላጎት ነው። ወንዱ በፈለገው ሰዓት ዱር ይወጣል፤ ሴቲቱ ግን ሰው እንዳያያት ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ መጠበቅ ነበረባት። መሪዎች ስለ ቦታውና ስለ በሩ አቅጣጫ ሲወስኑ ሴቶችን ካልጠየቁ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል።

ዘመቻ ደካማ ጎን አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመንደር ምሥረታ ሲካሄድም ሆነ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ጉድጓድ ቆጥሮ ሪፖርት መላክ ከሥራው በልጦ የታየበት ጊዜ ነበር። የባሕር ዛፍ ርብራብ በምስጥ ሲበላ፣ በዋልካ አፈር ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ በክረምት ሲናድ፣ ቤተሰቡ ወደ ዱሩ ተመለሰ፤ በወረዳው መዝገብ ላይ ግን መጸዳጃው እንደ ቆመ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ይረዳል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጉድጓድ ክዳን ለማፍሰስ 20 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ጥቂት ቀጭን ፌሮ ይበቃዋል። ከአንድ ኩንታል አምስት ክዳን ይወጣል። ክዳኑ ምስጥ አይበላውም፣ በውሃ ይታጠባል፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ተነሥቶ ሌላው ላይ ይጫናል። ሞዛምቢክ ውስጥ በ1970ዎቹ መሐሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ክብ ክዳን ያለ ፌሮ ተሞክሮ በብዛት ሠርቷል። ዛሬ የሲሚንቶ ዋጋ ቢንርም፣ ለዊንጌቱ ክፍል ወለልና ግድግዳ የሚፈሰው ሲሚንቶ ለብዙ የገጠር ቤት ክዳን እንደሚበቃ ግልጽ ነው።

ስለ ጉድጓዱ መጠንም ሂሳቡ ቀላል ነው። ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ በአንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር ያህል ይጠራቀማል። ለስድስት ሰው ቤተሰብ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ሲቀር፣ አምስት ዓመት ያህል ያገለግላል። ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር መራቅና ከውሃው በታች በኩል መሆን አለበት። ዋልካ በሆነ አገር አፉና ጎኑ በድንጋይ ካልተገነባ ግን ቁፋሮው ራሱ ከንቱ ድካም ነው።

ውሃ ላለበት ቦታ ከሕንድ የመጣው መንገድ ይበልጥ ይስማማል። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ሱላብ የተባለው ድርጅት ያስፋፋው ይህ መጸዳጃ ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ጎን ለጎን አሉት። በጣሳ የሚፈስ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ ማለትም ለስድስት ሰው በቀን 11 ጀሪካን የነበረው ወደ ሦስትና አራት ይወርዳል። አንዱ ሲሞላ ይዘጋና ሌላው ይከፈታል። የተዘጋው ሁለት ዓመት ያህል ሲቆይ ሽታ የሌለው ጥቁር አፈር ሆኖ ይወጣል፤ ለዛፍ፣ ለእንሰትና ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ዋጋ በምን ያህል እንደ ናረ ለገበሬ ማኅበር መሪ መንገር አያስፈልግም። ጊዜው ሳይሞላ ማውጣት ግን ወስፋቱን ወደ ማሳ መመለስ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ኮሶ ነው። የኮሶ ትል ያለበት ሰው በግጦሽ ላይ ሲጸዳዳ ዕንቁላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል። በሬው ሣሩን ሲበላ ትሉ ሥጋው ውስጥ እንደ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ቄራ ላይ መርማሪው ያንን ፍሬ ካየ ሥጋው ይጣላል ወይም ዋጋው ይወድቃል፤ ካላየው ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሰው ይወስደዋል፤ ክቡም እንደገና ይጀምራል። በሬ አድልቦ ለከተማ የሚሸጥ ማኅበር ውስጥ መጸዳጃ የጤና ጣቢያው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የበሬው ዋጋ ውስጥም አለ።

በየማኅበሩ ሊታይ የሚገባው የሥራ ቅደም ተከተልም ከዚህ ይወጣል። የክዳን ማፍሰሻ ፉርማ አንድ ተሠርቶ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ቢቀመጥ ለመላው ቀበሌ ያገለግላል። ሲሚንቶው ለየቤቱ በኪሎ ከመሸመት በኩንታል በአንድነት ቢገዛ ይረክሳል። የሚያፈስሰውም ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ መሆን የለበትም፤ በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ግንበኝነትና ቧንቧ ሥራ ተምረው ሥራ ፍለጋ ከተማ የሚንከራተቱ የገበሬው ልጆች አሉ፤ ለእነሱ የክዳኑ የእጅ ዋጋ ቢከፈላቸው ገንዘቡ ከቀበሌው አይወጣም። ቁፋሮው ከመኸር በኋላ፣ መሬቱ ደርቆ ጉልበትም ሲተርፍ ቢሆን፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ክዳኑ ቦታውን ይይዛል። ከሁሉ በፊት የትኞቹ ቤቶች በዋልካ ላይ እንዳሉ ተለይቶ፣ ለእነሱ የሚበቃ ድንጋይ ከወዲሁ በአህያ መጓጓዝ አለበት።